አልቀመጥም ያለችው ሊየን

ዜማው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ሲደርስ ይበጠስባታል።

«ነፋሱ የቀርከሃውን ቅጠል ያባብላል፤ ተኚ ልጄ፣ ወንዙም ተኝቷል…» ብሎ ይጀምራል፣ በአባቷ ቋንቋ። ከዚያ ወዲያ ቃል የለም። ቃሉ ባለቀበት ላይ ማንጎራጎሩ ብቻ ይቀራል፤ እምም… እምም… እያለ፣ ድልድዩን ጎርፍ እንደወሰደበት መንገደኛ ማዶውን እያየ ይቆማል። ሊየን ትራን ይህን ግማሽ ዘፈን በልጅነቷ ከአንዲት የስደተኞች ደሴት ይዛው ወጣች። አሁን ሃምሳ ሊሞላት ነው፤ ሙሉውን ግን አላገኘችውም።

በዚያ እሑድም እሱኑ እያንጎራጎረች ነበር ከሚድ ዊልሻየር አፓርትመንቷ በእግሯ ወደ ኢትዮጵያውያኑ መንገድ፣ ወደ ፌርፋክስ የወረደችው። በእግሩ የሚሄድ ሰው መኪናው የተሰረቀበት በሚመስልባት በዚች የአሜሪካ ከተማ፣ ሊየን መራመድ ትወዳለች። የጃካራንዳው ዛፍ ወይን ጠጅ አበባውን በቆሙት መኪኖች ላይ አራግፎታል። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው ሰው ፓርኪንግ ፍለጋ ይዞራል፤ የነጠላ ጫፍ በመኪና መስኮት ይውለበለባል።

ጸጉር ሠሪዋ አዜብ በሯ ላይ ቆማ አየቻት።

«ሬዲዮኗ መጣች!» አለች ወደ ውስጥ ዞራ፣ ሊየን ግን እንድትሰማው አድርጋ። «ኧረ ሴቶች፣ አፋችሁን ሰብስቡ! ሶ፣ እመቤት፣ ዛሬ ማይክሮፎኑን የት ደበቅሽው? ጸጉርሽ ውስጥ ከሆነ ነይ ልጠብልሽ!»

ውስጥ ያሉት ሳቁ።

«እንደምን አደርሽ አዜብ» አለች ሊየን።

አዜብ ጀርባዋን ሰጠቻት። ከሊየን አፍ የሚወጣው አማርኛ ራሱ ወንጀል ከሆነ ሰንብቷል። ዱሮ «አቤት አንደበቷ! ቅቤ የጠጣ!» እያሉ ያጨበጭቡላት የነበሩት ሰዎች፣ አሁን «ለካ የተማረችው ለዚሁ ነው» ይላሉ። ገበያ ስትገባ ጨዋታ ይቋረጣል። ሚጥሚጣ የሚመዝነው ልጅ እንኳ ሚዛኑን ብቻ ያያል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ እንጀምረው።

ሊየን የቬትናም ስደተኛ ልጅ ናት። ጦርነቱ ካበቃ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው አባትና እናቷ የወተት ጥርሷ እንኳ ሳይነቃነቅ አቅፈዋት ባሕር የገቡት። ባሕሩ ካናወዛቸው በኋላ ማሌዢያ ውስጥ የስደተኞች ደሴት ላይ ተፋቸው። እዚያ ደሴት ላይ ጠረጴዛ ነበረች፤ ከጠረጴዛዋ ወዲያ ደግሞ የሚጠይቅ ሰው። አባቷ የሰፈር አስተማሪ እንደነበረ ተናገረ። ሰውየውም አብረውት በጀልባ የመጡትን ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ እየጠራ «ይህን ሰው ታውቁታላችሁ?» አላቸው።

አላውቀውም አሉ። ልጆቻቸውን ያስተማረላቸው፣ በጀልባው ላይ ውሃውን ያካፈላቸው ሁሉ፣ አላውቀውም አሉ። ክፋት አልነበረም። በመጡበት አገር የመንግሥት ሰው ስለ ጎረቤትህ ሲጠይቅህ፣ ለጎረቤትህ ልታደርግለት የምትችለው ትልቁ ደግነት አለማወቅ ነው። ጠረጴዛዋ ግን ደግነትን አታነብም። የሚያውቀው የሌለው ሰው ውሸታም ነው ተባለና፣ እናትና ልጅ ወደ አሜሪካ ሲያልፉ አባት «ይጣራ» ተብሎ ቀረ። በመለያያቸው ማታ ዘፈኑን ጀመረላትና እኩሌታው ላይ ቆም ብሎ «የቀረውን አሜሪካ እዘፍንልሻለሁ» አላት። እዚያው በንዳድ ሞተ። የኛ ሰው ቢሆን እንዲህ ብሎ ባለቀሰለት ነበር፦

ዘፋኙ ተቀብሮ ዘፈኑ እኩል ቀርቶ፣
ማን ያስጨርሰዋል ከባሕር ተጠርቶ?

እናቷ ፌርፋክስ ላይ የልብስ ማሳጠሪያ ቤት ከፈቱ፤ መንገዱ ገና ሊትል ኢትዮጵያ የሚለውን ስሙን ሳያገኝ። ኢትዮጵያውያኑ ሴቶች ቀሚሳቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ቀሚሱ እስኪጠር ቁጭ ብለው የሰፈሩን ወሬ ይጠልፉታል። ሊየን በስፌት መኪናው ሥር የጨርቅ ቅዳጅ እየለቀመች አደገች፤ ከጨርቁ ጋር አማርኛውንም ለቀመችው። እናቷ ስለዚያ ደሴት አንድም ቀን ትንፍሽ ሳይሉ ስለሞቱ፣ ልጅቱ የሰው አፍ በምን እንደሚቆለፍ ማወቅ ፈለገች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሳይኮሎጂ ተማረች። ስትጨርስ እዚያው መንገድ ላይ፣ ከአንድ ሱቅ ፎቅ፣ ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ሥራ ያዘች።

ሴቶቹ መጡ። ግን ማን ነው «አእምሮዬን ልታከም ነው» ብሎ ፌርፋክስን የሚሻገር? ዘዴው ተገኘ። በብብታቸው ጥቅል ልብስ ይዘው ነው የሚወጡት። «ወዴት ነው?» ሲሏቸው «ሊየን ጋ ቀሚሴን ላሳጥር» ይላሉ፤ የእናቷን መቀስ የወረሰች ይመስል። ከሁሉም እትዬ ሽታዬ፣ እዚያው መንገድ ላይ ምግብ ቤት ያላቸው፣ ያችኑ ሰማያዊ ቀሚስ ለዓመታት አመላለሷት። የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሼ ተክለብርሃን አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝተዋቸው «ሽታዬ፣ ያ ቀሚስ እኮ እስካሁን መሐረብ ሆኗል!» ብለው አስቀዋቸዋል። እትዬ ሽታዬ ሲወርዱ ዓይናቸው ያበጠ፣ ትከሻቸው ግን የቀለለ ነበር። ሊየንን «ልዬ» ይሏት ጀመር። እትዬ ሽታዬ ሆዳቸውን የሰጧት ሴት ነበረች፤ ከዚያ በላይ ዝምድና የለም።

ታዲያ ሊየን እነዚያን ሴቶችና ባሎቻቸውን ስትሰማ ዓመታት ሲያልፉ፣ አንድ ነገር ሆዷን ይበላው ጀመር። ከመንግሥት ጠያቂ ፊት ቀርበው የመጡት ሁሉ ውሸታም ተብለው ይመለሳሉ። ፈርተው ነው እንጂ አልዋሹም። የፈራ ሰው ቀኑን ያምታታል፣ ዓይኑን ይሰብራል፣ ወንድሙን አላውቅም ይላል። ከጠረጴዛዋ ወዲያ የተቀመጠው ይህን አያውቅም። «እስከመቼ ከጠረጴዛዋ ወዲህ ሆኜ እንባ እጠርጋለሁ?» አለች በልቧ። «ወዲያስ ማን ይቀመጥ?» ዊልሻየር ላይ ካለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ከብሔራዊ ደኅንነቱ ሥራ፣ ማን አደገኛ ማን ደግሞ የፈራ ብቻ እንደሆነ የምትለይና ጠያቂዎቹን የምታስተምር ባለሙያ ይፈለግ ነበር፤ ገባች። ስትገባም «ከዚያች መንገድ የሚመጣ ነገር ሁሉ በኔ እጅ እንዳያልፍ» ብላ ቃል አስገብታቸው ነው።

ደብቃ መሄድ ትችል ነበር። አልደበቀችም። በመጨረሻው ሳምንት ለእያንዳንዷ ሴት የምትሄድበትን ነገረቻት። እትዬ ሽታዬ ጥቅል ቀሚሳቸውን እንዳቀፉ ነበር የሰሟት።

«ደኅንነት?» አሉ። ይህ ቃል እሳቸው ባደጉበት አገር በር የሚያንኳኳ ቃል ነው። «ልዬ… ሆዴን ገልብጬ የሰጠሁሽ ሴትዮ… ደኅንነት?»

«የነገሩኝ ሁሉ እዚሁ ይቀራል እትዬ። በሕግም፣ በአባቴም አጥንት።»

«ሕግ አለች!» ተነሡ። «ሆድ ይፍጀው የሚሉት እናቴ እንዴት ያሉ ብልህ ነበሩ!»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሊየን ልዬ መሆኗ ቀረ። ጆሮ ጠቢ፣ ሰላይ፣ ያቺ ቬትናም፣ ሬዲዮኗ፤ እንደየጠሪው ሆነች።

ይህ እንግዲህ ክረምትና በጋ ተፈራርቆበት፣ ሰውም እስኪለምደው ድረስ የኖረ ጠብ ነው። ሐሙስ ዕለት ግን ጠቡ ጥርስ አወጣ።

ሊየን ከሥራ ስትመለስ ከምግብ ቤቶቹ ጀርባ ባለው መኪና ማቆሚያ አቋርጣ ታልፍ ነበር። የእትዬ ሽታዬ ልጅ ወንድይራድ መኪናውን እንደነገሩ ፓርክ አድርጎ፣ በሩን ሳይዘጋ ወርዶ ከፊቷ ተገተረ። እዚሁ ከተማ የተወለደ፣ በኢንጂነሪንግ የተመረቀ ልጅ ነው። እስካሁን ግን በመኪናው ሰው እያመላለሰና እናቱን እያገዘ ነበር የሚኖረው።

«ምን ነገርሻቸው?» አላት።

«ደኅና ዋልክ ወንድዬ።»

«ወንድዬ አትበይኝ! ባሕሩ አጠገብ ያለው ድርጅት ቀጥሮኝ ነበር። ለመንግሥት ነው የሚሠራው፤ ባክግራውንዴ ተጣራ፣ ወደቅኩ። እማዬ ስታለቅስ የነገረችሽን ሁሉ ሪፖርት አደረግሽው፣ አይደል? ስለ አባቴ፣ ስለ እኔ…»

«ምን ብለው ከለከሉህ?»

«ከኔ በላይ ታውቂያለሽ!»

«ያንተ ነገር እኔ ጋ አይደርስም። ምን አሉህ?»

ወንድይራድ ሳቀ፤ ሳቁ እንደ ሳል ነበር። «ኖርኩበት ባልከው ሰፈር የሚያውቅህ ሰው አጣን አሉኝ። እኔን! ፌርፋክስ ላይ! ውሻው እንኳ ስሜን የሚያውቀውን! እንዲህ ያለ ተረት ሰው ካልፈጠረው ከየት ይመጣል?»

የመኪና ማቆሚያው አስፋልት ከሊየን እግር ሥር እንደ ጀልባ ወለል ተናወጠ። ጨው ጨው ሸተታት።

«የሰዎቹን ስም ስትሰጥ ነግረሃቸው ነበር?»

«ለምን እነግራቸዋለሁ? ሥራ ሳይያዝ ይወራል እንዴ? ዓይን ነው የሚበላው። ደሞስ ምን ማስነገር ያስፈልጋል? ጋሼ ተክለብርሃን የክርስትና አባቴ ናቸው!»

«እንግዲያው አላውቀውም ብለዋል» አለች ሊየን ቀስ ብላ።

ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። «እማዬ ልክ ናት» አለ። «እባብ ነሽ። ረቡዕ አፒሌን ይሰሙታል፤ የመጨረሻ ነው። እሱም ከወደቀ ዕድሜ ልኬን የሰው ሻንጣ ስጭን እኖራለሁ። ደስ ይበልሽ።» የመኪናውን በር አላትሞ ሄደ።

ሊየን እዚያው ቀረች። ቢሮዋ ገብታ አንዲት ቃል ብትተነፍስ ሕግ ይፈርሳል፤ ልጁም ይበልጥ ይጠረጠራል። እጇ ላይ የቀረው ማንም ጎረቤት ለጎረቤቱ የሚያደርገው ነገር ብቻ ነበር። ሰዎቹን ማናገር። እነዚያን እሷ ስታልፍ ከንፈራቸውን የሚሰፉትን ሰዎች።

እሑድ ወደ ፌርፋክስ የወረደችው ለዚህ ነው።

የወሩ ማኅበር ተራ የእትዬ ሽታዬ ነበር። ምግብ ቤታቸውን ለገበያ ዘግተው፣ የጓሮውን ክፍል አሰናድተዋል፤ ማኅበርተኛው ከቅዳሴ ተመልሶ ገበታውን ከቧል። አዜብም ሱቋን ዘግታ በጓሮ በር ቀድማ ገብታለች። ጋሼ ተክለብርሃን በሽበታቸውና በከዘራቸው ተከብረው ተቀምጠዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ቤት ክራር የሚመታው ኅሩይም አለ። ወንድይራድ ማስታጠቢያና ማንቆርቆሪያ ይዞ እጅ ያስታጥባል። ትልቁ ትሪ መሐል ላይ ተቀምጦ፣ የዶሮው ወጥ ዘይቱን ጠልሎ ያንጸባርቃል።

ሊየን በበሩ ብቅ አለች።

እትዬ ሽታዬ ጭልፋቸውን እንደያዙ ዞሩ። ከደጅ መልሰዋት ቢሆን በወደዱ። ግን የማኅበር ቀን ነው፤ በማኅበር ቀን የመጣ አይመለስም።

«ግቢ» አሉ፣ ቃሉን እንደ አጥንት ተፍተው። «ተቀመጪ። ብዪና ሂጂ።»

«አልቀመጥም» አለች ሊየን።

ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ምን ማለቷ እንደሆነ ገባው። ሽማግሌ ለልመና ሲመጣ «እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም» ብሎ ነው የሚቆመው፤ የቆመ ሽማግሌ እያለ ደግሞ ለባለቤቱ እህል አይወርድለትም። ሊየን ይህን ያየችው ሁለት የምግብ ቤት ባለቤቶች ተጣልተው ሲታረቁ፣ እዚሁ መንገድ ላይ ነው።

አዜብ ሳቋን ለቀቀችው። «ኧረ ጉድ! ሽማግሌ ሆና መጣች! ለየትኛው ጄኔራል ልትድሪን ነው?»

«ሽማግሌ ሦስት ሆኖ ነው የሚመጣው» አሉ ጋሼ ተክለብርሃን ከዘራቸውን እያሻሹ። «ሁለቱን የት ጣልሻቸው?»

«አንዱ አባቴ ነው፤ ሌላዋ እናቴ» አለች። «አብረውኝ ቆመዋል።»

የጋሼ ተክለብርሃን ከዘራ ቆመ። ግን ማንም አልራራላትም። ኅሩይ ክራሩን ከግድግዳው አወረደና፣ ዓይኑን ከትሪው ሳያነሣ፣ እንደ ዋዛ ነካ ነካ አደረገው፦

ቀሚስ አሳጥሪልኝ ብዬ ብሰጥሽ፣
ገመናዬን ይዘሽ አደባባይ ወጣሽ።

«እሰይ! ድገመው!» አለች አዜብ።

ደገመው። ሊየን ጆሮዎቿ ቀሉ፤ እግሮቿ ግን ካሉበት አልተነቃነቁም። እትዬ ሽታዬ «ብሉ፣ ብሉ፣ ይቀዘቅዛል» አሉ። አንዱ ቆረሰ። ሌላው ቆርሶ መልሶ አስቀመጠ። አዜብ ጎረሰችና አኘከች፣ አኘከች፣ አልወርድ አላት። የቆመ ሰው ጥላ ትሪው ላይ ወድቋል።

«ኦኬ፣ ምንድን ነው የምትፈልጊው?» አለች በመጨረሻ፣ በውሃ አውርዳ። «ንገሪንና ገላግይን።»

«አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ስለ ወንድይራድ የሚጠይቅ ሰው መጥቶባችሁ ነበር?»

ሁሉም ወደ ትሪው አየ። ማንቆርቆሪያው በወንድይራድ እጅ ላይ ቆመ።

«ስለላው እዚህም ቀጠለ» አለ ኅሩይ።

«ዝም አይነቅዝም» አሉ ጋሼ ተክለብርሃን ለማኅበርተኛው። «እንዳትመልሱላት። ዝም አይነቅዝም!»

ሊየን ያን ጊዜ ስለ ደሴቲቱ ተናገረች። ለማንም ተናግራው አታውቅም፤ የሰው ስትሰማ ነው የኖረችው። ጠረጴዛዋን፣ ጎረቤቶቹን፣ ጀልባው ላይ አባቷ ያካፈለውን ውሃ፣ «አላውቀውም» የሚለውን ቃል በየተራ ሲወድቅበት። እንባ አልነበራትም። ስትጨርስ ወደ ጋሼ ተክለብርሃን ዞረች።

«ዝም አይነቅዝም ይላሉ ጋሼ። አባቴ ላይ ነቅዟል። ይኸው ወንድይራድ ላይም እየነቀዘ ነው።»

ሽማግሌው በከዘራቸው ወለሉን መቱት።

«አዎ መጣ!» አሉ። የተናገሩት እንደ ተከሳሽ አንገታቸውን ደፍተው አልነበረም፤ እንደ ከሳሽ ጮኸው ነው። «ከረባት ያሰረ፣ ትሑት፣ ሸጋ ልጅ ነው። ‹ወንድይራድን ያውቁታል?› አለኝ። አላውቀውም አልኩት! ልንገርሽ? ዩኒቨርሲቲ ሳለን እንዲሁ አንድ ትሑት ሰው መጥቶ ስለ ክፍል ጓደኛዬ ጠየቀኝ። ‹አውቀዋለሁ፤ ከሱ የሚሻል ልጅ የለም› አልኩት። ያመሰገንኩት መስሎኝ! በሳምንቱ አልጋው ባዶ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከረባት ያሰረ ሰው ‹ያውቁታል?› ሲለኝ እናቴንም አላውቃት! ክርስትና ያነሣሁትን ልጅ አሳልፌ ልስጥ? በዚህ እኔን ልታሳፍሪኝ ነው?»

«አላሳፈርኩዎትም ጋሼ። የአባቴ ጎረቤቶችም ደጎች ነበሩ።»

አዜብ ጣቷን ትሪው ጠርዝ ላይ እያዞረች «እኔ ጋም መጥቷል» አለች። «እኔ የምሠራው የሴት ጸጉር ነው፤ ወንድ አላውቅም ብዬ መለስኩት።»

«እኔ ደግሞ እንግሊዝኛ አልችልም አልኩት» አለ ኅሩይ።

«አርባ ዓመት አሜሪካ ኖረህ?» አለችው አዜብ።

«ምን ልበል ታዲያ?»

አንድ ሁለቱ ሊስቁ ቃጣቸው፤ ሳቁ ግን መንገድ ላይ ሞተ። ወንድይራድ ማስታጠቢያውን ወለሉ ላይ አስቀምጦ፣ የእያንዳንዱን ፊት ያይ ነበር፤ ሲወለድ እልል ያሉለትን፣ ሲመረቅ ያስጨፈሩትን ሰዎች። በመጨረሻ ዓይኑ እናቱ ላይ አረፈ። እትዬ ሽታዬ ጭልፋውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ግድግዳው ዞረዋል።

«እማዬ?» አለ። «እማዬ፣ እዚህም መጥቶ ነበር?»

«ፎቶህን አሳየኝ» አሉ እትዬ ሽታዬ ለግድግዳው። «እናትህ መሆኔን አላወቀም። የኔ ስም ካንተ ስም ጋር የት ይገናኛል? አንተ ባባትህ፣ እኔ በአባቴ። ‹ይህን ልጅ ያውቁታል?› አለኝ። ሊወስዱህ ነው የመሰለኝ። ‹አላውቀውም፤ እዚህ ብዙ ልጅ ይበላል› አልኩት።» ጭልፋው ወደቀ። «ያጠባሁትን ጡት ካድኩት። ከዚያ አንተ ሥራውን ስትከለከል፣ ይቺ ናት፣ ይቺ ናት አልኩ። ሌላ ማን ልበል? እኔ ነኝ ልበል?»

ከደጅ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ፤ አንዱ ፓርኪንግ ሊነጥቅ ከሌላው ጋር ይጣላል። ወንድይራድ ሄዶ ጭልፋውን አነሣ። ለእናቱ አልሰጣቸውም፤ ያዘው።

ጋሼ ተክለብርሃን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሺ፣ ምን እናድርግ ነው የምትይው?»

«ረቡዕ አብራችሁት ሂዱ። እናውቀዋለን በሉ።»

«ያኔ ዋሽታችሁ ነበር ቢለንስ?»

«ይላችኋል። አትጣሉት። ለምን እንደዋሻችሁ ንገሩት፤ አሁን ለኔ እንደነገራችሁኝ፣ ከባዶው አልጋ ጀምራችሁ።»

«አንቺስ ትመጫለሽ?» አለ ወንድይራድ። መኪና ማቆሚያው ውስጥ ከተለያዩ ወዲህ ለሷ የተናገረው የመጀመሪያ ቃሉ ነው።

«አልመጣም። በሩ ላይም አልታይም። ከታየሁ የሠራችሁት ሁሉ ይበላሻል።»

«ሶ ሰላይነትሽ አልቀረም» አለች አዜብ።

«ሥራዬ አልቀረም። ነገም እገባለሁ።»

«እኔም ዘፈኑን አልሰርዝም» አለ ኅሩይ ክራሩን መልሶ እየሰቀለ።

«ቤት ይመታል» አለች ሊየን። «አትሰርዘው።»

እትዬ ሽታዬ ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ዞሩ። ዓይናቸው የቀላ ነው፤ ድምፃቸው ግን አልለሰለሰም።

«ስሚኝ አንቺ ሴትዮ። ልጄን ብትመልሽልኝም ቀሚሴን አንቺ ጋ አላመጣም። ደግሜ ሆዴን አልሰጥሽም።»

«አውቃለሁ እትዬ።»

«ይቅርታም አልልሽም።»

«ለሱ አልመጣሁም።»

«ዝም በዪ እስቲ፣ እየተናገርኩ!» ወደ ማኅበርተኛው ዞሩ። «ረቡዕ ማን ይሄዳል?»

ጋሼ ተክለብርሃን ከዘራቸውን አነሡ። አዜብ ጣሪያውን እያየች እጇን አወጣች። ኅሩይ «በእንግሊዝኛ ከሆነ…» ብሎ ጀመረና የእትዬ ሽታዬን ፊት ሲያይ «እሄዳለሁ» አለ። ሌሎቹም አንገታቸውን ነቀነቁ።

«እሺ ብለናል» አሉ እትዬ ሽታዬ። «እንግዲህ ምን ትገተሪያለሽ? እህሉ ድንጋይ ሆነ!»

ወንድይራድ ማስታጠቢያውን አምጥቶ ፊቷ ጎንበስ አለ። ዓይኗን አላየም፤ ውሃውን ግን ቀስ አድርጎ፣ ሳያረጭ፣ ሁለቱን እጆቿን አስታጠባት። አዜብ በረጅሙ ተነፈሰችና፣ ቂጧን ጎተት አድርጋ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያስቀምጥ ክፍተት ሰጠች። የሊየን ጉልበቶች በመጨረሻ ታጠፉ። ሳታስበው ያ ግማሽ ዜማ በአፍንጫዋ መጣባት፤ እምም… እምም…

«ያንንም ነገር ማዕዴ ላይ አታምጪው» አሉ እትዬ ሽታዬ፣ ከእንቁላሉ እኩሌታውን በእሷ በኩል እየገፉ። «ወይ ጨርሽው፣ ወይ ተዪው። ብዪ!»

ሊየን ዜማውን ተወችው። ከሁሉም ጋር ከአንዱ ትሪ፣ ከፊቷ ካለው፣ ቆርሳ ጎረሰች።